ጥጋብ አይደለም

በቁማር የወደቀ ባለሀብት ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው «ጥጋብ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋል። ይህ ፍርድ ስሕተት ነው፤ ጉዳትም አለው። ቁማር ነጋዴን የሚጥለው ለሀብት ባበቃው ባሕርይ ነው፦ በድፍረቱ፣ ኪሳራ ሲያይ ባለመደንገጡ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ስለሚያምነው።

እንጭኒን እንመልከት። የአደአ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ኑሮዋ እህል፣ ከብትና ወተት ነው። በዚያው ወረዳ ሙገር ላይ ነባሩ የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፤ በ2007 ደግሞ የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተጨመረ። እንዲህ ባለ ከተማ የአንድ እህል ነጋዴ ሀብት ምንድን ነው? ከመጋዘኑ ስንዴ መካከል ገበሬው «ስትሸጥ ትሰጠኛለህ» ብሎ የተወው አለ። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ይሆናል፤ ዋሱ ወንድሙ ነው። እቁቡ ቀድሞ ወጥቶለት ከሆነ፣ ገና ያልደረሳቸው ሰዎች ገንዘብ እጁ ላይ ነው።

ስለዚህ ይህ ሰው የሚያስይዘው የራሱን ብቻ አይደለም። ደሃ ኪሱ ባዶ ሲሆን ከቁማሩ ይነሳል፤ የሚያበድረው የለምና። ባለሀብቱ ግን ደውሎ «እስከ ማክሰኞ» ሲል አምስት ሰው ይልክለታል። ማንም አይጠይቀውም። የአወዳደቁን ጥልቀት የሚወስነው ይህ መታመን ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቴራንስ ዋታናቤ የተባለው አሜሪካዊ ባለሀብት፣ አባቱ የመሠረቱትን የንግድ ድርጅት አሳድጎ በፈረንጆቹ 2000 ሸጠ። በፈረንጆቹ 2007 በአንድ ዓመት ውስጥ ላስ ቬጋስ ላይ ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር ተበላ። ቁማር ቤቶቹ በስጦታና በእንክብካቤ ያዙት፤ በዱቤም አጫወቱት። መጨረሻው ያልተከፈለ ዕዳና የወንጀል ክስ ሆነ። ክሱ በኋላ በስምምነት ተዘጋ። ሞኝ ቢሆን ኖሮ ያን ድርጅት ባላሳደገ ነበር።

ታዲያ ብልህ ነጋዴ እንዴት ይሸነፋል? የስንዴ ዋጋ ሲወድቅ ልምድ ያለው ነጋዴ አይሸጥም፤ ይታገሣል፣ እንዲያውም ይጨምራል። ዋጋው ሲነሳ የከሰረውን ያገኛል። ይህ ትዕግሥት ዕድሜ ልኩን አብልቶታል። ቁማር ላይ ሲበላም ያንኑ ያደርጋል፤ «ልጨምርና ላስመልስ» ይላል። የስንዴ ዋጋ ግን ዝናብ፣ ምርትና ገበያ የሚያነሱት ነገር ነው። ውርርድ ከጅምሩ ለአጫዋቹ ቤት ተሰልቷል። ዕድላቸው እኩል በሆነ ሁለት ቡድኖች ላይ 1.85 ኦድ (ላሸነፈ አንድ ብር 1.85 ብር) ቢሰጥና በሁለቱም 100፣ 100 ብር ቢያዝ፣ ቤቱ 200 ብር ሰብስቦ 185 ይከፍላል። 15ቱ ብር ይቀርለታል። ብዙ በተጫወቱ ቁጥር ይህ ስሌት እየጠነከረ ይሄዳል እንጂ አይለዝብም። ካህኔማንና ትቨርስኪ በፈረንጆቹ 1979 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩትም፣ ሰው ኪሳራ ውስጥ ሲገባ በደህናው ቀን የማይነካውን አደጋ ይደፍራል።

የቤተሰብ ሕግ ትዳርን ከእንዲህ ያለ ጥፋት ለመጠበቅ ሞክሯል። የ1992ቱ የፌዴራል ሕግ ባልና ሚስት ካልተስማሙ የጋራ ቤታቸው እንዳይሸጥ ይከለክላል። ነገር ግን በስልክ የሚላክ ገንዘብ የሚስት ፊርማ አይጠይቅም። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ የሱቅ ሒሳብ እኩለ ሌሊት ላይ፣ አልጋ ውስጥ ሆኖ በምስጢር ቁጥር ብቻ ሊያልቅ ይችላል። ቤቱ በስማቸው ቆሞ ሳለ ውስጡ ይራቆታል፤ ሚስት የምትሰማው አበዳሪ በር ሲያንኳኳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን ከሕመሞች ተራ መድቦታል። «ጥጋብ ነው» የምንለው ሰው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ በስድብ ብዛት ሕመሙን ደብቆ ሌላ ብድር ይፈልጋል። ይህን ሳልል ግን አላልፍም፦ ሕመም መሆኑ የገበሬውን ስንዴ አይመልስም፤ ዕዳው ዕዳ ነው።

የእንጭኒ፣ የአምቦና የጊንጪ ሽማግሌዎች፣ የእቁብ ዳኞች፣ ወንድሞችና ሚስቶች፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲገጥማችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ በእጁ አትስጡት። ዕዳውን አንድ ሳያስቀር ይዘርዝር፤ ያዋጣችሁትን በቀጥታ ለባለገንዘቦቹ ክፈሉ። የሱቁን ሒሳብ ሌላ ሰው ይያዝ። እሱንም ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ነው። ይህን ሁሉ ዛሬ አድርጉት፤ «እስከ ማክሰኞ» ቢላችሁ እሺ አትበሉት።