ከሶፍትዌሩ በፊት ምንጩ፦ የመራጮችን መረጃ ወደ ምርጫ ቅስቀሳ ሥርዓት ስለ ማስገባት

መግቢያ

የፖለቲካ ፓርቲዎች የደጋፊዎቻቸውን ስም በደብተር ብቻ ይዘው የሚንቀሳቀሱበት ዘመን እያለፈ ነው። በሌላው ዓለም እንደ ኔሽንቢልደርና ኤንጂፒ ቫን ያሉ፣ ለምርጫ ቅስቀሳ ተብለው የተሠሩ ሶፍትዌሮች የመራጩን ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥርና የፖለቲካ ዝንባሌ በአንድ የመረጃ ቋት ያከማቻሉ። ቀስቃሹ የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት፣ ለማን መደወል እንደሚሻል፣ ማንን መተው እንደሚገባ ይጠቁማሉ። በአገራችንም የወረቀት ዝርዝርን ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ፣ ከሠንጠረዡም ወደ መረጃ ቋት ማዛወር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ታታሪ ወጣት ያለው ማንኛውም የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሊሠራው የሚችል ተግባር ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የመራጩ መረጃ ዕጣ የሚወሰነው ወደ ሶፍትዌሩ በሚገባበት ሰዓት ነው። ከገባ በኋላ የሚደረገው የይለፍ ቃልና የመቆለፊያ ጥበቃ አስፈላጊ ቢሆንም፣ መነሻው የተበላሸን ዝርዝር ሊያቃና አይችልም። አበው “ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ” እንዲሉ፣ ሕጉም፣ ምርጫ ቦርዱም፣ ፓርቲዎቹም ቁጥጥራቸውን ከምንጩ ሊጀምሩ ይገባል።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት የአርሲ ዞን የጀጁ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አርቦዬን በምሳሌነት እናስብ። አርቦዬ የተመረጠችው የተለየ ችግር ስላለባት አይደለም። እንዲህ ያሉ የወረዳ ከተሞች በዙሪያቸው ካሉት የገጠር ቀበሌዎች የሚመጣው ዝርዝር ሁሉ የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች በመሆናቸው፣ በእነርሱ የሚታየው በብዙው የአገሪቱ ክፍል ሊታይ የሚችል ነው።

ሠንጠረዡ ሲገባ የሚጠፋው ሰው

የመጀመሪያው ችግር ቴክኒካዊ ነው፤ ውጤቱ ግን ፖለቲካዊ ነው። አብዛኞቹ የቅስቀሳ ሶፍትዌሮች የተሠሩት የቤተሰብ ስም፣ የጎዳና ስምና የቤት ቁጥር ላለው ሰው ነው። የጀጁ ገበሬ ግን የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። አድራሻው ቀበሌውና የሰፈሩ መጠሪያ ነው። ሶፍትዌሩ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲቆጥር ባልና ሚስት ባዕዳን ይሆናሉ። በአንጻሩ አባቶቻቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ባዕዳን እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ።

በስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። በአርሲ በብዛት የሚገኘው “መሐመድ” የሚለው ስም መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ እየተባለም ይጻፋል። “ሁሴን” እና “ሑሴን” ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሁለት ናቸው። በቁቤ የተመዘገበ የኦሮምኛ ስም ወደ ግእዝ ፊደል ሲመለስ “ዻ” የነበረው “ዳ” ሆኖ ይቀራል። ተደጋጋሚ ስሞችን እንዲያጣምር የታዘዘ ሥርዓት እንግዲህ ከሁለት ስሕተት አያመልጥም፤ አንዱን ሰው ሁለት ያደርገዋል፣ ወይም አንድ ቀበሌ ውስጥ በእውነት ያሉትን ሁለት ሞክሼዎች አንድ ያደርጋቸዋል።

የዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጥቅምት 30 ተብሎ የተመዘገበ የልደት ቀን በሁለተኛው ወር 30ኛው ቀን ስለሚሆን፣ የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቅ ሶፍትዌር “የካቲት 30 የሚባል ቀን የለም” ብሎ ይጥለዋል። በጳጉሜን የተወለደ ሰው 13ኛ ወር ስለሌለ ጨርሶ አይገባም። በ2003 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ዓ.ም. ዕድሜው 15 ሲሆን፣ ዓመቱ እንደ ጎርጎርዮስ ከተቆጠረ በ2026 እ.ኤ.አ. የ23 ዓመት ጎልማሳ ይሆናል። የመምረጫ ዕድሜ 18 በሆነበት አገር ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። በስልክ ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለችው ዜሮ በኤክሴል ስትጠፋም፣ ዝርዝሩ ሙሉ መስሎ ይታያል እንጂ በተጻፈው ቁጥር እንዳለ ቢደወል የሚደርስ የለም።

እነዚህ ሁሉ በጥንቃቄ ሊታረሙ የሚችሉ ናቸው። ቁም ነገሩ ግን ሶፍትዌሩ ስሕተቱን ሳይናገር መዋጡ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ 4,000 መሥራች አባላት እንዲኖሩት ያዛል። ብሔራዊ ምርጫ ቦርድም የመሥራች አባላትን ፊርማ በናሙና እያጣራ መስፈርቱን ያላሟሉትን ሰርዟል። ዝርዝር የፓርቲ ህልውና መለኪያ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ፣ ስምን የሚያበዛ ስሕተት ማንም የማይቸኩልለት ስሕተት ይሆናል።

ዝርዝሩ ከየት መጣ?

ሁለተኛውና ዋነኛው ችግር ምንጩ ነው። በገጠር ቀበሌ ስለ አንድ አባወራ ብዙ ዝርዝሮች አሉ። የማዳበሪያ ፍላጎት ሲጠና ይመዘገባል፤ የመሬት ግብር ሲከፍል ይመዘገባል፤ የጤና መድኅን አባል ሲሆን፣ እርዳታ ሲደርሰው፣ መታወቂያ ሲያወጣ ይመዘገባል። ምዝገባው በራሱ ነውር የለበትም፤ ያለ እርሱ አገልግሎት አይሰጥም። አደጋው አገልግሎት ለመስጠት የተጻፈው ስም ድምፅ ለመለመን፣ ከዚያም አልፎ ድምፁን ለመከታተል ሲዛወር የሚመጣው ነው።

ይህ ስጋት ከሶፍትዌሩ መምጣት በፊትም ነበረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2010 ባወጣው ዘገባ፣ በወቅቱ የገጠር አስተዳደር እርዳታን፣ ማዳበሪያንና ብድርን ለፖለቲካ ታማኝነት መመዘኛ ይጠቀምበታል ሲል ከስሶ ነበር። መንግሥት በበኩሉ ክሱን አስተባብሏል። ክርክሩ በየትኛውም ወገን ቢፈረድ፣ ሁላችንም የምንስማማበት አንድ እውነት ይቀራል። ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን ዝርዝርና የፓርቲ አባላትን ዝርዝር አንድ እጅ ከያዛቸው፣ ገበሬው ሁለቱን ለይቶ ሊያያቸው አይችልም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን ቅርበት በአንድ ትእዛዝ ወደ ውሕደት ይለውጠዋል። ሁለት ደብተሮችን ማመሳከር ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ ሁለት ሠንጠረዦችን በስልክ ቁጥር ማጣመር ግን ደቂቃ አይሞላም።

በዚህ ሁኔታ “ፈቃድ” የሚለው ቃል ራሱ ይደክማል። ስሙን የጠየቀው ሰው ነገ የማዳበሪያ ወረፋውንም የሚጠራ ከሆነ፣ “አልፈቅድም” ማለት ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ፈቃድ ተገኘ ለማለት ፊርማ ብቻውን በቂ አይደለም። የጠየቀው ማን እንደ ነበረም መታወቅ አለበት።

ሊጻፍ የማይገባው ዓምድ

ሦስተኛው ጉዳይ በሠንጠረዡ ውስጥ ስለሚከፈቱ ዓምዶች ነው። የቅስቀሳ ሶፍትዌር ባዶ ዓምድ ለመጨመር ይጋብዛል፦ ብሔር፣ ሃይማኖት፣ “ደጋፊ”፣ “ተቃዋሚ”፣ “የሚያመነታ”። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የብሔር ማንነትን፣ ሃይማኖታዊ እምነትንና የፖለቲካ አመለካከትን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መረጃዎች መድቧቸዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን የማይደፈር መብት አድርጎ ያስቀመጠ ነው።

በአርሲ ይህ የሕግ ቃል ብቻ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በኦሮሚያ በደረሰው ጥፋት የአርሲ ከተሞችም ተጎድተዋል፤ ሰዎችም በማንነታቸው ምክንያት ለጥቃት ተዳርገዋል። ይህን ያየ አካባቢ ማን የማን ወገን እንደሆነ ከነሰፈሩ የሚናገር ሠንጠረዥ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ ግን እርሱም አያውቅም።

የሌሎች አገሮች ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከፊሊፒንስ የምርጫ ኮሚሽን የ55 ሚሊዮን ያህል መራጮች መረጃ ሾልኮ ወጥቷል። በአሜሪካ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኤንጂፒ ቫን ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ጉድለት የአንድ ዕጩ ሠራተኞች የተቀናቃኛቸውን የመራጮች መረጃ ለማየት ችለው ነበር። ለእኛ ቅርብ የሆነችው የኬንያ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት አላት። በ2021 እ.ኤ.አ. ብዙ ኬንያውያን የፓርቲዎች መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ባዘጋጀው የኢንተርኔት አገልግሎት ስማቸውን ሲፈትሹ፣ ሳያውቁ የፓርቲ አባል ሆነው ተመዝግበው አገኙት። አቤቱታቸውም ለአገሪቱ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ቀረበ። በኬንያ ሰርጎ የገባ ሌባ አልነበረም፤ ችግሩ ዝርዝሩ ሲገባ “ከየት መጣህ?” ብሎ የጠየቀው አለመኖሩ ነበር። ሆኖም ኬንያውያን ስማቸውን የሚፈትሹበት በር ስለነበራቸው ነው ነገሩ የታወቀው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

ለዚህ ሐሳብ ጠንካራ መከራከሪያ ሊቀርብበት ይችላል። ገዢ ፓርቲ እስከ ቀበሌ የዘለቀ መዋቅር ስላለው የመረጃ እጥረት የለበትም። አነስተኛ ተፎካካሪ ፓርቲ ግን መራጩን የሚያገኝበት ብቸኛ መንገድ የስልክ ዝርዝርና ርካሽ ሶፍትዌር ሊሆን ይችላል። ጥብቅ ደንብ ቢወጣ የሚታሰረው ደካማው ነው ይባላል። ተጨማሪ ምክንያትም አለ። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የአጭር የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ፖለቲካንና ስልክን የሚመለከት ቁጥጥር ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ አያስገርምም።

ተቃውሞው እውነት አለው፤ መደምደሚያው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደንብ በሌለበት የሚጠቀመው ዝርዝሩን ቀድሞ የያዘው ነው። “መንግሥታዊ አገልግሎት ለመስጠት የተሰበሰበ መረጃ ወደ ማንኛውም ፓርቲ ሥርዓት አይገባም” የሚል ክልከላ በመጀመሪያ የሚገታው መዋቅር ያለውን ነው። በራሱ ደጃፍ ለደጃፍ ጉዞ፣ በአባላቱ ጉልበት፣ በመራጩ ፈቃድ ስም የሰበሰበው አነስተኛ ፓርቲ ከክልከላው የሚያጣው ነገር የለም። ደንቡ ይዘትን ወይም መልእክትን እስካልነካ ድረስ የመናገር ነጻነትንም አያጠብም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ በመነሣት አራት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል።

አንደኛ፣ ማንኛውም ፓርቲ ወደ መረጃ ቋቱ ለሚያስገባው እያንዳንዱ ዝርዝር ምንጩን፣ የተሰበሰበበትን ቀን፣ የሰበሰበውን ሰው ኃላፊነትና ዓላማውን የሚገልጽ መዝገብ ይያዝ። ምንጩ ያልታወቀ ዝርዝር አይግባ።

ሁለተኛ፣ የመራጮች መዝገብ ለሕዝብ ይፋ የሚሆነው ዜጎች አቤቱታ እንዲያቀርቡበት ነው። ፎቶ እየተነሣ የቅስቀሳ ግብዓት እንዳይሆን ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ግልጽ መመሪያ ያውጣ። ቦርዱ ምዝገባውን ወደ ዲጂታል ዘዴ እያሸጋገረ ባለበት ጊዜ ይህ ይበልጥ ያስቸኩላል።

ሦስተኛ፣ የዳታ ጥበቃ አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና ምርጫ ቦርዱ በጋራ፣ ዜጋው በየትኛው ፓርቲ ዝርዝር ውስጥ እንደሚገኝ የሚጠይቅበትና ስሙን የሚያሰርዝበት መንገድ ያዘጋጁ። መንገዱ ኢንተርኔት ለሌለው የጀጁ ገበሬም በቃልና በራሱ ቋንቋ ሊሠራ ይገባዋል።

አራተኛ፣ ፓርቲዎች የብሔርና የሃይማኖት ዓምድ ጨርሶ አይክፈቱ። የዝንባሌ ምልክትም ምርጫው ባለቀ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይሰረዝ።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። የግእዝ ፊደል ሞክሼ ሆሄያትን፣ የቁቤ ስሞችንና የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በትክክል የሚያስተናግድ፣ የጣለውንና ያጣመረውን ረድፍ ሁሉ በግልጽ የሚያሳውቅ የመረጃ ማስገቢያ ፕሮግራም መሥራት ለአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መመረቂያ ሥራ የሚበቃ ርእስ ነው። ለሁሉም ፓርቲ በነጻ ቢቀርብ ደግሞ የማንም ወገን አይሆንም።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። እያንዳንዱ ሲመዘገብ ስሙን የሰጠው ድምፅ ለመስጠት ነው። ያንን ስም ለሌላ ነገር የሚፈልግ ሁሉ ተመልሶ ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ባለቤቱም “አይሆንም” ቢል በማግሥቱ ማዳበሪያውን ያለ ስጋት ሊወስድ ይገባዋል።