ትልቅ ሲሊንደር፣ ጠባብ ጉሮሮ

አሮጌ የሞተር መጋዝ ያለው ሰው ማሽኑ ጉልበት ሲያጥረው ቀድሞ የሚጠረጥረው ሲሊንደሩን ነው። ፒስተኑ ተጭሯል፣ ፋሻው አልቋል፤ መለወጡ ካልቀረ ለምን አንድ ደረጃ ከፍ ያለ አይገጠምም? ሐሳቡ ክፋት የለውም። መንገዱን የከፈቱትም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በአንድ ዓይነት የሞተር አካል ላይ ሁለትና ሦስት መጠን ያላቸውን ሲሊንደሮች እየገጠሙ በተለያየ ስም ሲሸጡ ኖረዋል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ሲሊንደር ከካርቶኑ ወጥቶ ይታሰራል፤ አየርና ነዳጅ የሚያቀብሉት ክፍሎች ግን ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው እንደነበሩ ይቀራሉ።

የስዊድኑን ሁስክቫርና እንውሰድ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1689 የጠመንጃ ፋብሪካ ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን የመጀመሪያውን የሞተር መጋዝ ያወጣው በ1959 ነው። 61፣ 268 እና 272 የተባሉት መጋዞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሦስቱም ፒስተኑ የሚመላለሰው 34 ሚሊሜትር ነው። የሚለያቸው የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት ነው፤ 48፣ 50 እና 52 ሚሊሜትር። በዚህም 61.5፣ 66.8 እና 72.2 ሲሲ ይሆናሉ። አራት ሚሊሜትር ለዓይን ምንም አይደለም፤ ሞተሩ የሚስበውን አየር ግን በ17 በመቶ ያሳድገዋል። የ61ን አካል ይዞ የ272ን ሲሊንደር መጫን በዓለም ዙሪያ በመጋዝ ጠጋኞች ዘንድ የተለመደ ሥራ የሆነውም ለዚህ ነው።

የጀርመኑ ሽቲልም ያው ነው። አንድሪያስ ሽቲል እ.ኤ.አ. በ1926 ያቋቋመው ይህ ኩባንያ ኤምኤስ 290፣ 310 እና 390 የተባሉትን መጋዞች በአንድ ወገብ ላይ ሠርቷቸዋል፤ ሲሊንደራቸው 46፣ 47 እና 49 ሚሊሜትር ነው። ከ56.5 ወደ 64.1 ሲሲ መሸጋገር 13 በመቶ ያህል ጭማሪ ይሰጣል። በነዚህኞቹ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሲሊንደሩ የታችኛው ጫፍ የክራንክ ክፍሉ ላይኛ ግማሽ ሆኖ ያገለግላል። ሲሊንደር ለወጥኩ ያለ ሰው የሞተሩን ሆድ ከፍቶ በማሸጊያ ማስቲካ መልሶ ዘግቷል ማለት ነው፤ አየር ማሾለኪያ ሊሆን የሚችል አንድ ረጅም መስመር በራሱ እጅ አበጅቷል።

የሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ቫልቭ የለውም። ፒስተኑ ሽቅብ ሲወጣ ከሥሩ ባለው የክራንክ ክፍል ግፊቱ ይወርዳል፤ ድብልቁን በካርቡሬተሩ በኩል ስቦ የሚያስገባው ያ የግፊት መጉደል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 12 ሺህ ጊዜ ሲዞር ይህ ነገር በየሰከንዱ 200 ጊዜ ይደጋገማል። በሂሳብ ደረጃ የ61.5 ሲሲው ሞተር በሰከንድ 12.3 ሊትር፣ የ72.2 ሲሲው ደግሞ 14.4 ሊትር መሳብ ይፈልጋል። ያ ሁለት ሊትር ተጨማሪ አየር ከየትም ይምጣ ከየት ማለፍ ያለበት በአየር ማጣሪያው፣ በካርቡሬተሩ ጉሮሮ፣ በማስገቢያው ጎማ ወይም ፕላስቲክ እና በሲሊንደሩ በር ነው። ከአራቱ አንዱ ከጠበበ የሲሊንደሩ ስፋት በወረቀት ላይ ይቀራል።

ጠባብ ካርቡሬተር የተገጠመለት ትልቅ ሲሊንደር ወዲያው ይቃጠላል ብለው የሚሰጉ አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ስለሚፈጥን ነዳጁን ይበልጥ ይስበዋል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው መጋዙ በከፍተኛ ዙር ታፍኖ መቅረቱ ነው። በዝቅተኛ ዙር ግን ደህና ጉልበት ይሰጣል። ባለቤቱ ገንዘብ አውጥቶ የጠበቀውን ያህል አላገኘም እንጂ ማሽኑ አልሞተበትም። የተገላቢጦሹም አለ። ሰፊ ካርቡሬተር በትንሽ ሲሊንደር ላይ ሲገጠም አየሩ ይዘገያል፣ የመሳብ ኃይሉ ይደክማል፤ መጋዙ በሚኒሞ አልረጋ ይላል፣ ጋዝ ሲሰጡትም ያመነታል።

ገዳዩ ሌላ ነው። ገዳዩ ሁለት የማይገጥሙ ክፍሎች የተገናኙበት ቦታ ነው።

የመጋዝ ካርቡሬተር እንደ ሞተር ሳይክሉ ተንሳፋፊ የለውም፤ መጋዝ በጎኑም ተዘቅዝቆም መሥራት ስላለበት ነዳጁን የሚመጥነው በስስ ዲያፍራም ነው። ከታንኩ ነዳጅ የሚጎትተውም ሌላ ዲያፍራም ነው። ይህ ሁለተኛው፣ ማለትም ፓምፑ፣ የሚርገበገበው ከክራንክ ክፍሉ በሚመጣ የግፊት ምት ነው። ምቱ በአንዳንድ ሞዴል በቀጭን የጎማ ቱቦ፣ በሌሎች ደግሞ በማስገቢያው ክፍልና በጓርኒሲዮኑ ውስጥ በተበሳች የክብሪት እንጨት በምታህል ቀዳዳ ይተላለፋል። አሁን የትልቁ ሲሊንደር ማስገቢያ ፊት ላይ ይህች ቀዳዳ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ተበስታለች እንበል። ከዋናው ፋብሪካ ውጭ በሚመረቱ ዕቃዎች ላይ የዚህ ዓይነት መዛነፍ ያጋጥማል። ብሎኖቹ በልካቸው ገብተዋል፣ ጓርኒሲዮኑም ሲያዩት ልክ ነው። ቀዳዳዋ ግን ግማሿ ተሸፍናለች።

እንዲህ ያለው መጋዝ ይነሣል። በሚኒሞም ደህና ይሠራል። ግንዱ ላይ ሲጫን ነው የሚከዳው፤ ፓምፑ በሙሉ አቅሙ ስለማይርገበገብ ነዳጁ አይደርስለትም። ጠጋኙ ካቻቪቴውን ያነሣና የከፍተኛ ዙሩን ብሎን ሩብ ዙር ይከፍታል፤ ትንሽ ይሻለዋል። ሌላ ሩብ ይከፍታል። ቀጥሎ ፊልትሮውን ይቀይራል፣ ካንዴላውን ይቀይራል፣ በመጨረሻም ካርቡሬተሩን ይረግማል። ጓርኒሲዮኑን በአዲሱ ሲሊንደር ማስገቢያ ፊት ላይ ደርቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ቢይዘው ኖሮ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ይገለጥለት ነበር።

ሌላው መገናኛ ካርቡሬተሩንና ሲሊንደሩን የሚያያይዘው ጎማ ነው። በብዙ መጋዞች ካርቡሬተሩ የተቀመጠው ንዝረት በሚቀንሱ ጎማዎችና ስፕሪንጎች ከሞተሩ በተለየው የእጀታና የታንክ ክፍል ላይ ነው። ስለዚህ ያ ጎማ በሥራ ሰዓት ሁሉ ይታጠፋል፣ ይጎተታል። ከዓመታት በኋላ ከታች በኩል፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ ይሰነጠቃል። ለጠባብ በር የተሠራ ጎማ በሰፊ በር ላይ ሲወጠር ደግሞ መሰንጠቁ ይፈጥናል። ከስንጥቁ የሚገባው አየር በካርቡሬተሩ በኩል አላለፈም፤ ነዳጅም ዘይትም የለውም።

ይህ ለምን እንደሚያሰጋ ለመረዳት ዘይቱ ከየት እንደሚመጣ ማስታወስ ይበቃል። በሁለት ምት ሞተር ማለስለሻው የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ የተለመደው መጠን 50 ለ1፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ነዳጁ ሲያንስ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ዘይቱም ይጎድላል። አዲስ ፒስተን በጭስ ማውጫው በኩል ቁልቁል ተጭሮ ሲገኝ ሻጩን ከመክሰስ በፊት ጎማውንና ጓርኒሲዮኑን መመርመር ይገባል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ሌላ ሲሊንደር ገዝቶ በዚያው በተሰነጠቀ ጎማ ላይ መግጠም ነው።

«ብሎኑን ማስተካከል ነው እንጂ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። በካርቡሬተሩ ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች፣ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ዙር፣ የነዳጁን መጠን ይለውጣሉ። የአየሩን መንገድ አያሰፉም፤ የፓምፑን ምት አያጠነክሩም፤ ስንጥቅ አይደፍኑም። በዚያ ላይ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትንንሽ ሞተሮች ጭስ ላይ ገደብ ስትጥል ፋብሪካዎቹ ብሎኖቹ ከተወሰነ በላይ እንዳይዞሩ በፕላስቲክ ቆብ አጥረዋቸዋል። ለ56 ሲሲ ተብሎ የታጠረ ካርቡሬተር 64 ሲሲ ሞተር የሚጠይቀውን ነዳጅ ሳይሰጥ መቆሚያው ላይ ሊደርስ ይችላል። ብሎን መጨረሻው ደርሶም መጋዙ ሲጮህ ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ከሆነ ሥራ መጀመር የለበትም። ጤነኛ መጋዝ ያለ ጭነት ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ትንሽ ይንተባተባል፤ ድምፁ የሚጠራው ሰንሰለቱ እንጨት ሲነክስ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩን የሚያከብደው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እዚህ 61.5 ሲሲ መጋዝ የሚተነፍሰው ባሕር ዳርቻ ላይ 46 ሲሲ መጋዝ የሚተነፍሰውን ያህል አየር ነው። 72.2 ሲሲው ሲሊንደር ቢገጠምለት እንኳ ወደ 54 ይደርሳል እንጂ ፋብሪካው በስዊድን ከለካው ጋር አይስተካከልም። ከዚህ የሚከተለው ብዙ ሰው መስማት የማይወደው ነው፤ ጉልበት አጣ የተባለው መጋዝ ሲሊንደሩ ደህና ሆኖ ነዳጅ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ነዳጁ ይበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ መጋዙ ይጨሳል። ይህን የሚፈታው ካቻቪቴና አሥር ደቂቃ ነው።

ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ አደጋው ይገለበጣል። ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነችው ደብረ ብርሃን ለባሕር ዛፍ ቆረጣ የተስተካከለ መጋዝ 600 ሜትር አካባቢ ወደምትገኘው ገዋኔ ወርዶ አፋርን የወረረውን የፕሮሶፒስ ዛፍ ቢያስቆርጡት አየሩ በአንድ ጊዜ ይወፍራል፣ ነዳጁ ግን በደጋው ልክ ነው። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ የተለወጠ፣ ማስገቢያው የድሮ ከሆነ የቆላው ፀሐይ ተጨምሮበት ፒስተኑ ሳይጣበቅ ቀኑን ማዋሉ ያጠራጥራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መለኪያ መያዝ ነው። የካርቡሬተሩን ጉሮሮ፣ የጎማውን ሁለት አፍ፣ የሲሊንደሩን በር በካሊፐር ለክቶ ቁጥሮቹን ማነጻጸር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስፋቱ ካርቡሬተሩ ጋ፣ ጎማው ውስጥና በሩ ላይ ደረጃ ሳይሠራ መቀጠል አለበት፤ ደረጃ ካለ ነዳጁ እዚያ ይጠራቀምና ሞተሩ ሲነሣና ሲወርድ ይንቀጠቀጣል። ከተገጠመ በኋላ ማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን በጎማ ደፍኖ፣ ግማሽ ባር አየር ሰጥቶ፣ ግፊቱ ቆሞ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከወረደ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው፤ አረፋው ቦታውን ይጠቁማል። የግፊቱ ፈተና ሲያልፍ በተቃራኒው ሳቦ መፈተንም ይገባል፤ ወደ ውጭ ሲገፉት የማያሾልክ ማሸጊያ ወደ ውስጥ ሲስቡት ሊከፈት ይችላል። ይህን ሳያደርግ መጋዝ የሚያስረክብ ጠጋኝ ሥራውን ጨርሷል ሊባል አይገባም።

ዕቃ አስመጪዎችና ሻጮችም ከወቀሳው አያመልጡም። «ሙሉ ኪት» ተብሎ የሚሸጠው ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ሲሊንደር፣ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ፒንና ሁለት ማቆሚያ ነው። ማስገቢያው የለም፤ የግፊት ቀዳዳዋ ያለችበት ጓርኒሲዮን የለም፤ የትኛው ካርቡሬተር እንደሚስማማው የተጻፈ ነገር የለም። በአንድ ሞዴል ስም ባለፉት ዓመታት ከአንድ በላይ ዓይነት ካርቡሬተር እየተገጠመ መውጣቱ ደግሞ በስም ብቻ መግዛትን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል፤ በካርቡሬተሩ ገላ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው የሚታመነው። የካርቡሬተሩ ሠሪ ዋልብሮም ይሁን ቲሎትሰን ወይም ዛማ፣ ቁጥሩ እዚያው በብረቱ ላይ አለ። ሻጩ ሲሊንደሩን ሲያወጣ ማስገቢያውን፣ ጎማውንና ጓርኒሲዮኑን አብሮ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጥ የገዢው ወጪ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ተመልሶ የሚመጣበት ክስ ግን ይቀንሳል።

ገዢው በበኩሉ አሮጌውን ካርቡሬተርና ማስገቢያ በላስቲክ ቋጥሮ ወደ ሱቁ ይዞ ይሂድ፤ ከአዲሱ ሲሊንደር ጋር እዚያው ባንኮኒ ላይ ያገጣጥመው። የሚስማማ ማስገቢያ ካልተገኘ ትልቁን ሲሊንደር ይተወውና በነባሩ ሲሊንደር መጠን አዲስ ፒስተንና ፋሻ ገዝቶ፣ ጎማውን ቀይሮ፣ ካርቡሬተሩን ለሚሠራበት ከፍታ አስተካክሎ ይቁረጥበት።