ሬፍራክቶሜትር የሚያየውና የማያየው፦ ከአረርቲ ሽንኩርት እስከ ምንጃር ጤፍ

በሰሜን ሸዋ ዞን የምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው አረርቲ ዙሪያ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርት ገዢ የሚያገኘው በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተጨብጦና በኪሎ ተመዝኖ ነው። በሌላው ዓለም ግን ከዓይንና ከሚዛን በተጨማሪ ሬፍራክቶሜትር የተባለ በኪስ የሚያዝ መሣሪያ ወደ ማሳና ወደ ገበያ ከገባ ቆይቷል። አንድ ጠብታ ጭማቂ በመስታወቱ ላይ ተደርጎ ወደ ብርሃን ሲታይ የሚነበበው ቁጥር የአትክልቱን የንጥረ ምግብ ይዘት ይናገራል የሚል አስተያየትም አብሮት ተስፋፍቷል። አስተያየቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ሸማቹ ልጁን የሚጠቅመውን ምርት ለይቶ ሊገዛ፣ አምራቹም ለጥራቱ ተጨማሪ ዋጋ ሊጠይቅ በቻለ ነበር። እውነት ካልሆነ ደግሞ ሁለቱም ለማይታይ ነገር ገንዘብ ይከፍላሉ።

መሣሪያው የሚሠራው ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ አቅጣጫውን የሚቀይር በመሆኑ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር በበዛ መጠን ብርሃኑ ይበልጥ ይታጠፋል። የመለኪያው ስያሜ ብሪክስ ሲሆን፣ የተወሰደው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ጀርመናዊው አዶልፍ ብሪክስ ነው። አንድ ዲግሪ ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ፈሳሽ ውስጥ 1 ግራም ስኳር እንደሟሟ የሚቆጠር ነው። ሆኖም መሣሪያው ስኳርን ከአሲድ፣ አሲድን ከጨው አይለይም፤ የሟሟውን ሁሉ በአንድነት ያነባል። የሎሚ ጭማቂ ጎምዛዛ ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ ከቲማቲም የበለጠ ቁጥር የሚያሳየው በስኳሩ ሳይሆን በአሲዱ ምክንያት ነው።

ቁጥሩን ከንጥረ ምግብ ጋር በማያያዝ ረገድ ስሙ በዋናነት የሚነሣው ባለፈው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው አሜሪካዊ ኬሪ ሪምስ ነው። በስሙ የሚታወቀው ሠንጠረዥ ሰብሎችን በብሪክስ ከደካማ እስከ እጅግ ጥሩ ይመድባል፤ ለምሳሌ ቲማቲም 4 ሲሆን ደካማ፣ 12 ሲሆን እጅግ ጥሩ ይባላል። ይሁንና የምደባው መነሻ ሐሳብ በቀላል ስሌት ሊፈተን የሚችል ነው። በ100 ግራም ቲማቲም ውስጥ የሚገኘው ብረት 1 ሚሊግራም አይሞላም። በተለመደው የእጅ ሬፍራክቶሜትር ላይ ያለችው ትንሿ ጭረት 0.2 ዲግሪ ስትሆን፣ ይህች ጭረት በ100 ግራም ጭማቂ 200 ሚሊግራም የሟሟ ነገር ማለት ናት። ስለዚህ የቲማቲሙ ብረት እጥፍ ቢሆን እንኳ በመለኪያው ላይ ለውጥ አይታይም። ዚንክም እንዲሁ ነው። በካሮት ውስጥ ያለውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ቀለም ደግሞ በውኃ የማይሟሟ በመሆኑ መሣሪያው ጨርሶ አያነበውም።

ለምንጃር ነዋሪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። የአካባቢው ስም በአገሪቱ የታወቀው በጤፉ ነው፤ ሽምብራውም ቢሆን የሚያንስ አይደለም፤ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተለቀቀው ነጭ የሽምብራ ዝርያ «አረርቲ» የሚለውን ስም ይዟል። ጤፍና ሽምብራ ደረቅ እህል ናቸው፤ ተጨምቆ በመስታወት ላይ የሚንጠባጠብ ጭማቂ የላቸውም። የቤተሰቡን ብረት፣ ዚንክና ፕሮቲን በብዛት የሚያቀርበው ማዕድ ስለዚህ ከሬፍራክቶሜትር እይታ ውጭ ነው።

የእህልን የማዕድን ይዘት ማወቅ የሚቻለው ናሙናው በአሲድ ተሟሙቶ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሳተፈበትና በግንቦት 2013 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያና ከማላዊ ማሳዎች የተሰበሰበ እህልን መርምሯል። አማራ ክልል ናሙና ከተወሰደባቸው አካባቢዎች አንዱ ነበር። ጥናቱ በእህል ውስጥ ያለው የካልሲየም፣ የብረት፣ የሴሌኒየምና የዚንክ መጠን ከሰብል ወደ ሰብል ብቻ ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታም እንደሚለያይ፣ ለዚህም የአፈሩ ጠባይ አንዱ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ከገዛ ማሳው የሚመገብ ቤተሰብ የሚኖርበት ቦታ በራሱ በአመጋገቡ ላይ ተጽዕኖ አለው ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸው በተረጋገጠበት ሁኔታ ይህ ልዩነት ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም። ልዩነቱን ግን በጭማቂ ጠብታ መድረስ አይቻልም።

ይህ ሲባል ሬፍራክቶሜትር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሸንኮራ አገዳ ልማት አገዳው ለመቆረጥ መድረሱ የሚታወቀው በዚሁ መሣሪያ ነው። የቲማቲም ድልህ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ መሠረት ድልህ ለመባል ቢያንስ 24 በመቶ የሟሟ ነገር ሊኖረው ይገባል። ሐብሐብ በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደረጃ ከ8 ብሪክስ ማነስ የለበትም። ለማር የተዘጋጀው የመሣሪያው ዓይነት ደግሞ የውኃውን መጠን ይለካል፤ ከ20 በመቶ በላይ ውኃ ያለው ማር በአመዛኙ ከዓለም አቀፍ ደረጃው ይወድቃል፣ የመቡካት ዕድሉም ይጨምራል። በእነዚህ ሁሉ የሚለካው ብስለት፣ ጣዕምና ድርቀት ነው።

የሽንኩርት ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ብሪክሱ ከፍ ያለ ሽንኩርት ውኃው ያነሰ ነው፤ በአመዛኙም በመጋዘን የተሻለ ይቆያል፣ ለማድረቅም ይመቻል። ሊሰበሰብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ውኃ የጠጣ ሽንኩርት ግን ክብደቱ ይጨምራል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። በኪሎ የሚሸጥ አምራች ለዚህ ፈተና መጋለጡ የታወቀ ሲሆን፣ ኪሳራው የሚታየው ገዢው ጆንያውን ከፈታ በኋላ ነው። ከመሰብሰቡ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀደም ብሎ ውኃ ማቆም፣ አብዛኛው ቅጠል እስኪወድቅ መጠበቅና አንገቱ እስኪደርቅ በጥላ ማቆየት ያለ ምንም መሣሪያ ሊሠራ የሚችል ነው።

መሣሪያውን መጠቀም የሚሻ ማኅበር ወይም ነጋዴ በቅድሚያ በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ ማስተካከል ይኖርበታል። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በመሆኑ የሙቀት ማስተካከያ የሌለው መሣሪያ በ30 ዲግሪ ሲነበብ ከግማሽ ዲግሪ በላይ አሳንሶ ያሳያል፤ በቆላማ ማሳ ላይ በቀትር የሚደረግ ልኬት በዚህ ሳቢያ አምራቹን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ራስ ሽንኩርትም ስለ አንድ ጆንያ አይመሰክርም፤ ከልዩ ልዩ ጆንያዎች የተወሰዱ በርካታ ራሶች ተለክተው አማካዩ መያዝ አለበት። ገዢው በብሪክስ ዋጋ መቀነስ ከፈለገ አምራቹ ልኬቱ በፊቱ እንዲደገም መጠየቅ ይችላል። የማጨጃና የውኃ ማቆሚያ ጊዜን በተመለከተ ምክር የሚገኘው ከቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ሲሆን፣ የመለኪያ መሣሪያ ትክክለኛነት ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩትን ነው።