የብርድ ወንዝና ዐሥሩ ቀዛፊዎች

በአገራችን ክረምት ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበን ዝናሙ፣ ጭቃውና የወንዙ ሙላት ነው። በአውሮፓ ግን ክረምት ማለት ብርድ ማለት ነው። በዚያ ወራት በትንሽ ታንኳ በወንዝ ላይ መጓዝ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማስረዳት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ አገር የተደረገውን አንድ ጉዞ ለአንባቢዎቻችን እንተርካለን።

ኅዳር 28 ቀን 1935 ዓ.ም. ማታ፣ ቱና የምትባል የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ዐሥር የባሕር ወታደሮችን በአምስት ካያኮች አድርጋ ከዢሮንድ የወንዝ አፍ አቅራቢያ ባሕሩ ላይ አወረደቻቸው። እያንዳንዷ ካያክ ሁለት ሰዎች እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡባት ጠባብ ታንኳ ነበረች። አለቃቸው ሻለቃ ሄርበርት ሃስለር ይባል ነበር። ዓላማቸውም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ቀዝፈው በቦርዶ ወደብ የቆሙትን የጠላት መርከቦች በፈንጂ መምታት ነበር። ሌሊት ይቀዝፋሉ፤ ቀን ቀን በወንዙ ዳር ተሸሽገው ይውላሉ።

ገና በመጀመሪያው ሌሊት፣ ኃይለኛ ማዕበል በሚነሣበት ስፍራ አንዲቱ ካያክ ከዐይን ተሰወረች፤ ሌላይቱም ተገለበጠች። በተገለበጠችው የነበሩት ሁለቱ፣ ሺርድና ሞፋት፣ በብርዱ ውኃ ውስጥ ሆነው የባልንጀሮቻቸውን ታንኳዎች ይዘው ተጎተቱ። ካያኮቹ ግን ሌላ ሰው ሊጭኑ አይችሉም ነበር። ሻለቃው በተቻለው መጠን ወደ ዳር ካቀረባቸው በኋላ ዋኝተው እንዲወጡ አሰናበታቸው። ሁለቱም በሕይወት አልተገኙም።

የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። በድንገት ወደ በረዶ ውኃ የወደቀ ሰው በመጀመሪያዪቱ ደቂቃ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በዚያን ጊዜ ውኃ ወደ ሳንባው ቢገባ ይሰምጣል። ይህን ቢያልፍም በ10 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ጣቶቹና ክንዶቹ እየደነዘዙ ይሄዳሉ፤ ዋና የሚያውቀውም ሰው መዋኘት ይሳነዋል። ልቡናውን ስቶ እስኪወድቅ ግን ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህም ዛሬ በክረምት የሚቀዝፉ አስተዋዮች ውኃ የማያስገባ ልብስና የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ብቻቸውንም አይወጡም።

ሻለቃው ሁለቱን ሰዎች መተዉ ጭካኔ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን በዚያው ቢዘገዩ ኖሮ ንጋት ሁሉንም በጠላት ፊት ያጋልጣቸው ነበር። እኛ በሞቀ ቤት ተቀምጠን በብርድ ውስጥ በነበረው ሰው ላይ ፈጥነን መፍረድ አይገባንም። ልናስተውለው የሚገባ ግን አለ፤ መንገዱ እንደሚዘገይ እያወቀ እስከሚቻለው ድረስ ጎተታቸው። ሁሉን ማዳን የማይችል ሰው የሚችለውን ያህል ከማድረግ ነፃ አይሆንም።

በመጨረሻ ቦርዶ የደረሱት ሁለት ካያኮች ብቻ ነበሩ። ታኅሣሥ 2 ቀን ማታ ፈንጂዎቹን በመርከቦቹ ጎን ላይ አጣበቁ፤ በማግሥቱም መርከቦች ተጎዱ። ከዐሥሩ ሁለቱ በብርድ ሞቱ፤ ስድስቱ ተይዘው በሂትለር ትእዛዝ ተረሸኑ። የተረፉት ሃስለርና ጓደኛው ቢል ስፓርክስ ብቻ ናቸው።

እነዚህ ሁለቱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ሩፌክ የምትባል ከተማ ደረሱ። በዚያም ከአንድ ምግብ ቤት ገብተው ማንነታቸውን በጽሑፍ ገለጡ። ባለቤቶቹም ረዷቸው፤ ከዚያም ሌሎች ፈረንሳውያን ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበሉ ሸሸጓቸው። እንዲህ ያለውን እንግዳ መቀበል በሞት የሚያስቀጣ መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር።

ወታደሮቹ የታዘዙትን ፈጸሙ፤ ክብርም ይገባቸዋል። የቤቶቹን ባለቤቶች ግን ማንም አላዘዛቸውም። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው የአባቶቻችን ቃል በዚያ ከተማ ተፈጸመ። ስለዚህ ወላጆች ይህን ታሪክ ለልጆቻቸው ሲተርኩ የቀዛፊዎቹን ጽናት ብቻ ሳይሆን፣ በብርድ ሌሊት በሯን የከፈተችውንም ቤት አብረው ይንገሯቸው።