ከኤሲው ሥር የተቀመጠችው ባልዲ

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወጋው ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ነው። ዛሬ ግን ስለምንተነፍሰው አየር፣ ይህንኑ አየር እንዲያቀዘቅዝልን በየቤታችንና በየመስጂዳችን ስለሰቀልነው ኤሲ፣ በተለይም ከኤሲው ስለሚንጠባጠበው ውሃ እናወራለን። ደሴና አዲስ አበባ ያላችሁ “ይህ እኛን አይመለከትም” ትሉ ይሆናል። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጎዴ የምትኖሩ፣ ወይም ጅዳና ዱባይ ዘመድ ያላችሁ ግን ነገሩን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰኔ ላይ ለዙህር ሶላት ድሬዳዋ ውስጥ ወደ አንድ መስጂድ ገባሁ። ሰዉ ብዙ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛው ሶፍ መሃል ላይ የሁለት ሰው ቦታ ክፍት ሆኖ አየሁ። ክፍተቱን ልሞላ ጠጋ ስል ምንጣፉ እግሬን አረጠበው። ቀና ብል ግድግዳው ላይ ኤሲ፣ ከሥሩ የተላጠ ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ባልዲ አለች። ባልዲዋ ሞልታ የፈሰሰው ውሃ ምንጣፉን አበስብሶታል፤ ሽታውም የታሸገ ምድር ቤት ሽታ ነው። ከሶላት በኋላ አጠገቤ የነበሩትን አንድ አባት “አባባ፣ ይህ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ከረመዳን ጀምሮ ነው ልጄ። ምን ችግር አለው? ውሃው እኮ ነጃሳ አይደለም” አሉኝ።

አባባ ያሉት ትክክል ነው። ውሃው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ተጠራቅሞ የሚፈጠር እንጂ ነጃሳ አይደለም፤ የፊቅሁን ዝርዝር ኡስታዞቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ጦሂር የሆነ ሁሉ ለጤና የሚስማማ አይደለም። ጭቃም ጦሂር ነው፤ ማንም ግን ልጁን ጭቃ ላይ አያስተኛም። የሚንጠባጠበው ኤሲ ነጃሳ ባለመሆኑ ብቻ ለወራት ዝም ስንለው በሳንባችንና በደማችን የምንከፍለው ዋጋ አለ።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ በውጭ በኩል ጤዛ ያወጣል፤ ውሃው የመጣው ከጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን ከአየሩ ነው። ኤሲም እንዲሁ ነው። የክፍሉ አየር በቀዘቀዙት የመዳብ ቱቦዎችና በስስ የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል ሲያልፍ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ከሥር ወዳለው ሰሃን ይወርዳል፤ ከዚያም በቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል። አየሩ እርጥበት በበዛበት በሐምሌና በነሐሴ አንድ ኤሲ በቀን ብዙ ሊትር ውሃ ሊያወጣ ይችላል። እንግዲህ ኤሲ ውሃ ማውጣቱ ጤንነቱ ነው። ሕመሙ ውሃው ወደ ውጭ መሄዱን ትቶ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ነው።

አሁን ወደ ባልዲዋ እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ የምፈራው እርሷን ነውና። የድሬዳዋ ሰው ውሃ አያባክንም፤ ቧንቧው በየቀኑ ስለማይመጣ የኤሲውን ውሃ በባልዲና በጀሪካን ማጠራቀሙ አይገርምም። ነገር ግን የድሬዳዋ ሰው የሚረሳው የማይመስለኝ አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ትኩሳት ገባ። በ2019 ቺኩንጉንያ ገብቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አሳመመ። የበሽታው ስም በምሥራቅ አፍሪካው ማኮንዴ ቋንቋ ማጉበጥን የሚያመለክት ነው፤ ያ ሰሞን ሩኩዕ ማድረግ አቅቶት በወንበር የሰገደ ሁሉ ስሙን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ የምትራባው በወንዝና በረግረግ ሳይሆን በቤታችን ዕቃ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው።

በዚህ ላይ ሌላ እንግዳ ተጨመረ። ከደቡብ እስያና ከዐረቢያ በኩል የምትታወቀው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሀር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተገኘች። በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ፣ ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት ለተነሳው ወረርሽኝ ተመራማሪዎች ያገናኙት ከዚህችው ትንኝ ጋር ነው። እርሷም በርሜልና ታንከር ትወዳለች፤ ዝናብ አትጠብቅም። ኤሲ ደግሞ ሰማዩ ደረቅ በሆነበት ወር ሁሉ ባልዲውን ይሞላላታል።

ስለዚህ የኤሲ ውሃ ማጠራቀም የግድ ከሆነባችሁ ዕቃው ክዳን ይኑረው። ወለል እጠቡበት፣ አትክልት አጠጡበት፤ አትጠጡት፣ ለሕፃን ወተትም አትጠቀሙበት። ውሃው ያለፈው በማሽኑ አቧራና አተላ ላይ ነው። ባልዲውንም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ሐሙስ ማታ ለጁሙዓ ስትዘጋጁ፣ ድፉትና ውስጡን በሳሙና ፈትጉት። መድፋት ብቻውን አይበቃም። የኤደስ እንቁላል ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል፤ ደርቆም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሻጋታ ነው። የረጠበ ምንጣፍ፣ ፍራሽ ወይም ኮርኒስ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከአስምና ከሌሎች የመተንፈሻ አካል ችግሮች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሌሊት ሌሊት የሚያስለው፣ አፍንጫው የማይደርቀው፣ ከቤት ሲወጣ ደግሞ የሚሻለው ልጅ ካላችሁ ወደ ሐኪም ስትወስዱት ስለ ግድግዳውም ንገሩት። በመስጂድ ደግሞ ግንባራችንንና አፍንጫችንን የምናሳርፈው ምንጣፉ ላይ ነው፤ ሱጁድ ላይ ያለ ሰው የምንጣፉን አየር ከቅርብ ይተነፍሳል። አስም ያለባቸው አረጋውያን ያን ቦታ ለምን እንደሚሸሹ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

በነገራችን ላይ “ኤሲ ገዳይ የሳንባ ምች ያመጣል” የሚል ወሬ ይሰማል። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል የተሰበሰቡ ሰዎች የታመሙበት ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ ከሆቴሉ የማቀዝቀዣ ማማ ጋር ተያይዟል። ያ ግን ውሃ እየረጨ የሚያቀዘቅዝ የትልልቅ ሕንፃ ማሽን ነው። የቤታችን ኤሲ በውሃ ስለማያቀዘቅዝ በዚህ አይጠረጠርም። የሌለ ፍርሃት ይዘን ያለውን እንዳንረሳ ነው ያነሳሁት።

ታዲያ ለምን ይንጠባጠባል? በአብዛኛው ምክንያቱ ተራ ነው፦ ቱቦው በአቧራና በአተላ ተደፍኗል፣ ወይም ነፍሳት ጎጆ ሠርተውበታል። አንዳንዴ ሲሰቀል ተንጋዶ ነው፤ አንዳንዴ ቱቦው መንገድ ላይ ወደ ላይ ታጥፏል። የሚገርመው ደግሞ ባልዲዋ ራሷ ጥፋተኛ የምትሆንበት ጊዜ መኖሩ ነው። የቱቦው ጫፍ ባልዲው ውሃ ውስጥ ከተነከረ ውሃው እንደ ልቡ መውረድ ያቅተውና ወደ ኋላ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ይንጠባጠባል። ጫፉን ከውሃው በላይ አድርጉት። ወደ ጎረቤት ግድግዳም አታዙሩት፤ የጎረቤትን ሐቅ እዚህ ላይ ማስታወስ ያለብኝ አይመስለኝም።

ፊልተሩ በአቧራ ሲደፈን አየር በደንብ ስለማያልፍ ቱቦዎቹ ላይ በረዶ ይጋገራል፤ ማሽኑ ሲጠፋ በረዶው ባንድ ጊዜ ቀልጦ ሰሃኑን ያጥለቀልቀዋል። ለዚህ ባለሙያ አያስፈልግም። ብሬከሩን አጥፉ፣ ፊልተሩን አውጥታችሁ በውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁና መልሱ። እንደ ድሬዳዋ ባለ አቧራማ ከተማ በወር አንዴ፣ ሲብስ በየሁለት ሳምንቱ። ቱቦውን ለብ ባለ ውሃና በአቼቶ ማጠብ ይቻላል። በረኪና ግን የአሉሚኒየሙን ክንፍ ይበላዋል፤ በረኪናና አቼቶ ከተቀላቀሉ ደግሞ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ውሃው ሶኬት ወይም ሽቦ ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ መብራቱን ቁረጡ።

ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ማሽኑ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ አየሩ በየክፍሉ አፍ የሚወጣበት ቤት የምትኖሩ ከሆነ ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ይችላል። ቀዝቃዛ አየር የሚያልፍበት መተላለፊያ ልባሱ ሲቀደድ ራሱ እንደ ጠርሙሱ ያልበዋል። እዚያ ቤት ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ካያችሁ ቀለም አትቀቡበት፤ አስከፍታችሁ አሳዩት።

ስለ ባለሙያም አንድ ቃል ልበል። በረዶ የሚጋገረው ጋዝ ሲያንስም ነው። ነገር ግን የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየነደደ አያልቅም። ካነሰ የሆነ ቦታ ይሾልካል ማለት ነው። በየዓመቱ እየመጣ ጋዝ ሞልቶ ብር ተቀብሎ የሚሄድን ሰው “የሾለከበትን አገኘኸው ወይ?” ብላችሁ ጠይቁት።

ወደ መስጂዱ ልመለስ። በኋላ እንደሰማሁት ያን ኤሲ የሰጠው አንድ ደግ ሰው ነው፤ አላህ ይቀበለው። ከተሰቀለ ጀምሮ ግን ማንም ከፍቶ አጽድቶት አያውቅም። ማሽን ለመግዛት ሰደቃ ሲጠየቅ እጅ ሁሉ ይዘረጋል፤ ለማጽጃ ሲጠየቅ ግን ያለው ጸጥታ ነው። በእኔ አስተያየት ሶደቀተል ጃሪያ ብሎ ኤሲ የሚሰጥ ሰው የዓመት ማጽጃውንም አብሮ ቢሰጥ፣ ኮሚቴውም ማሽኑን ሲቀበል “ማን ያጸዳዋል?” ብሎ በስም መዝግቦ ቢቀበል ይሻላል። ጊዜው ደግሞ ሻዕባን ነው። ተራዊሕ ተጀምሮ መስጂዱ ከሞላ በኋላ ምንጣፍ አንስቶ ፀሐይ ላይ ማድረቅ አይቻልም።