ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት ያመጠቀው ሳተላይት ይጠየቅ

ይድረስ ለመጽሔቱ አዘጋጅ፦

የኤሮስፔስ ምሕንድስና፣ በተለይም የሳተላይት ቁጥጥር መማር የሚሹ ወጣቶቻችን የት ልማር ብለው ሲጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ለዚህ ሙያ ግን ሰንጠረዡ ብዙም አይጠቅምም። ደረጃ የሚሰጠው በአመዛኙ በታተሙ ጥናቶችና በዝና ነው፤ ተማሪዎቹ በእጃቸው ሠርተው ምሕዋር ላይ ያዋሉት ነገር መኖር አለመኖሩን አይናገርም። መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ይኸው ነው።

የቁጥጥር ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ዳሳሾች ሳተላይቱ ወዴት እንደዞረ ይለካሉ፣ ኮምፒውተሩ አቋሙን ይገምታል፣ ሪአክሽን ዊሎች (በውስጡ የሚሽከረከሩ መንኮራኩሮች) ወይም የማግኔት ጥቅልሎች ወደሚፈለገው አቅጣጫ ያዞሩታል። ሒሳቡን ማንኛውም ደህና ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ችግር የሚፈጠረው ሒሳቡና እውነተኛው ዕቃ ሲገናኙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ሂቶሚ ከመጠቀ 40 ቀን ሳይሞላው ተበታተነ። የቁጥጥር ሥርዓቱ ሳተላይቱ ሳይሽከረከር እየተሽከረከረ ነው ብሎ ገመተ፤ ላስቁመው ሲል ራሱ አሽከረከረው። ቀጥሎ ለማዳን የተነሡት ትንንሽ ሮኬቶች የተሳሳተ ቁጥር ተጭኖባቸው ስለነበር ነገሩን አባባሱት። ጃፓኖች ቲዎሪ አልጎደላቸውም፤ የጎደለው ከምድር የሚላከውን ቁጥር አጣርቶ ማረጋገጥ ነበር። ይህ ጥንቃቄ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ሠርቶ፣ ፈትሾ፣ አምጥቆ፣ ከጣቢያ ተቀምጦ በመከታተል ይለመዳል።

ይህን የሚያስለምዱ ተቋማት አሉ። የበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሳተላይቱን ያመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። በጀርመን የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የላከው ዩደብሊውኢ-3 ሳተላይት ዋና ዓላማው የአቅጣጫ ቁጥጥርን መሞከር ነበር። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጃፓኑ የኪዩሹ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። በበርድስ ፕሮጀክቱ ከጋና፣ ከሞንጎሊያ፣ ከናይጄሪያና ከባንግላዴሽ የሄዱ ተማሪዎች ሳተላይቶችን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አስለቅቀዋል። ጋና የመጀመሪያ ሳተላይቷን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

«ሥራ የሚያስገኘው ስም ነው» የሚሉ አሉ። ስም ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን በአሜሪካ ብዙ የጠፈር ኩባንያዎች በቴክኖሎጂ ኤክስፖርት ቁጥጥር ሕግ ምክንያት ዜግነት ወይም ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ትልቅ ስም ካለው ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ኢትዮጵያዊ እዚያ በር ላይ ሊቆም እንደሚችል ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት ማወቅ አለበት። «ተማሪዎች የሚሠሩት አንድ ኪሎ የማይሞላ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሳተላይት መጫወቻ ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ መለካት፣ መገመት፣ ማዘዝ በትንሹም በትልቁም ያው ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው የግድ ኤሮስፔስ ይሁን የሚባለውም ትክክል አይደለም። በአዲስ አበባ ወይም በአዳማ ኤሌክትሪካል ወይም ሜካኒካል ምሕንድስና በሚገባ የተማረ ለሁለተኛ ዲግሪ ሊበቃ ይችላል።

ጉዳዩ ለአገራችንም ቅርብ ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው የተግባር ልምድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጽሔታችሁ ስለ ትምህርት ምርጫ ሲጽፍ ከደረጃው ጎን ሦስት ነገሮችን እንዲያወጣ እጠይቃለሁ፦ ትምህርት ክፍሉ ያመጠቀው ሳተላይት ብዛት፣ የራሱ የምድር ጣቢያ መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም የውጭ አገር ተማሪ ዕቃውን እንዲነካ መፈቀዱ።