«አድሚን፣ አድሚን» እያልን እስከ መቼ?

በቅርቡ አክስቴን ልጠይቅ ከወልድያ ወደ ሲሪንቃ ብቅ ብዬ ነበር። ልጇ አስፋልቱ ዳር አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቷል። ኮፒ ያደርጋል፣ ማመልከቻ ይተይባል፣ ለተማሪዎች የ12ኛ ክፍል ውጤት ያያል፣ ለመጣው ሁሉ ዋይፋይ ያካፍላል። ገና ቁጭ ሳልል «ወንድም ጋሼ፣ ይህ ኢንተርኔት ጤና የለውም» አለኝ። የተማሪ ውጤት ሲፈልግ የቁማር ማስታወቂያ ይመጣበታል። የባንክ ገጽ ሲከፍት ደግሞ ብሮውዘሩ «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ይለዋል።

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት።

«ግድ የለም፣ ቀጥል የሚለውን እጫነዋለኋ!»

ወይ ጉድ! በእሱ ኮምፒዩተር ብቻ ቢሆን ቫይረስ ነው ብለን በተገላገልን ነበር። ግን የደንበኞቹም ስልክ እንዲሁ ነው። ሃያ ሰው በአንድ ቀን ሆዱን ካመመው የሚመረመረው ምንጩ ነው፤ እዚህ ቤት ምንጩ ራውተሯ ናት። ያገለገለች ናት፤ ገዝቶ ከሰካት ጀምሮ ውስጧን ያየ የለም።

ብዙ ሰው አይነገረውም እንጂ ራውተር ራሷን የቻለች ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። የራሷ ሶፍትዌር አላት፤ ፈርምዌር ይሉታል። የራሷ ገጽም አላት። ከእሷ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ብሮውዘር ከፍቶ፣ ከላይ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብሎ መግባት ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከሆዷ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ኢንተርኔት ባይኖርም ይከፈታል። እኛም ከፈትነው። ስም ጠየቀን፤ «አድሚን» አልን። ፓስወርድ ጠየቀን፤ አሁንም «አድሚን» አልን። ዘው!

እኛ ዘው ያልንበት በር ለሌላውም ክፍት ነበር። የፈርምዌሩ ቀን የሚያሳየው እ.ኤ.አ. 2015ን ነው። «ዲኤንኤስ» በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ማናችንም ያላስገባነው ቁጥር ተቀምጧል። ዲኤንኤስ ማለት የገጹን ስም ስንጽፍ ወዴት እንደምንሄድ የሚያመለክተን መንገድ ጠቋሚ ነው። ጠቋሚው ሌባ ከሆነ «ወደ ባንክ ውሰደኝ» ያለውን ደንበኛ ወደ ዋሻው ይወስደዋል።

ለሲሪንቃ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚያው ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል፣ ግራና-1 የተባለውን የማሽላ ዝርያ ያወጣው፣ ከአቀንጭራ ጋር ሲታገል የኖረ ነው። አቀንጭራ ከመሬት በታች የማሽላውን ሥር ይይዛል። አበባው ከላይ ሲታይ ሰብሉ ከተጎዳ ሰንብቷል። የልጁ የቁማር ማስታወቂያም አበባው መሆኑ ነው። ገበሬው ዘር ሲቀበል «ምን ዝርያ ነው? የየትኛው ዓመት ነው?» ይላል። የራውተሩን ፈርምዌር ግን ማን ይጠይቃል?

ነገሩ የገጠር ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮለኛ ፕሮግራም ከፋብሪካ የወጡበት ስምና ፓስወርድ ያልተቀየረላቸውን ካሜራዎችና ራውተሮች በመላው ዓለም ሰብስቦ ወታደር አደረጋቸው። መሣሪያው ከ60 ጥቂት የሚበልጥ ዝርዝር ነበር፤ «አድሚን፣ አድሚን»ም ከዝርዝሩ አንዱ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዚሁ ዘመድ የሆነ ጥቃት ጀርመን ውስጥ 900,000 ያህል ደንበኞችን ከመስመር አወጣ። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ ወይም በቀላሉ የሚገመት ፓስወርድ ያለው ዕቃ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። አምራቹ ዕቃው የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚያገኝ እንዲናገርም አስገደደች።

የእኛዎቹስ? ለማጥፋት ሲሆን ማንም አይቀድማቸውም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ቆየ። ያን ጊዜ የመስመር ኢንተርኔት ያለው ሆቴልና ቢሮ እንደ ጠበል ቦታ ይከበብ ነበር። አንዷ ራውተር የሰፈር ሁሉ ጉሮሮ ሆነች። ጉሮሮው ንጹሕ ይሁን አይሁን ያሰበበት ግን አላየሁም።

በ2012 የጸደቀው ስትራቴጂ ስሙ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ነው (ዓመቱ እንኳ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል)። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም አለልን። ወደ አገር የሚገባ የቴሌኮም ዕቃ ዓይነቱ ተመርምሮ እንዲፈቀድ ማድረግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። እንግዲያው ሁለት ነገር ይጨምርበት፦ ዕቃው ሲጀመር «መጀመሪያ ፓስወርድ ቀይር» ብሎ ያስገድድ፤ ካርቶኑ ላይም ፈርምዌሩ እስከ ስንት ዓመት እንደሚታደስ በአማርኛ ይጻፍ። ከዚህ የቀለለ ነገር ምን ይጠየቃል?

«ተጠቃሚው ራሱ ይጠንቀቅ» የሚል አይጠፋም። ግማሽ እውነት አለው፤ እኔም ልጁን ተቆጥቼዋለሁ። ግን ገጹ ከላይ እስከ ታች እንግሊዝኛ ነው፤ የሚጠነቀቅበትን ቃል ያስተማረው ማን ነው?

የእኛን ለመጨረስ፦ ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭነን ራውተሯን ወደ ፋብሪካ ሁኔታዋ መለስናት። የገጹንም የዋይፋዩንም ፓስወርድ ቀየርን። ከውጭ ሆኖ የማዘዣውን በር ዘጋን። በዚህ መስመር ባንክ የገቡትን ደንበኞች ሁሉ የምስጢር ቁጥራቸውን እንዲቀይሩ እንዲነግር አስማልኩት። አዲሱን ፓስወርድ በዱቤ ደብተሩ ጀርባ ጻፈው። ምን ላድርገው?

የቀረው ፈርምዌሩ ነው። አምራቹ ለዚህች ሞዴል ያወጣው የመጨረሻው ማሻሻያ የ2019 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ ወዲህ ትቷታል። ከምንም ይሻላል ብለን ሞዴሏን ከነቁጥሯ አመሳክረን ከአምራቹ ገጽ አወረድነው። ግን አንድ አደጋ አለው። በመጫን ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ራውተሯ ድንጋይ ሆና ልትቀር ትችላለች። ስለዚህ የማይቋረጥበትን ሰዓት መርጠህ ጫን ብዬው ተመለስኩ።

ትናንት ደወልኩለት።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬም ብልጭ ድርግም እያለ ነው» አለኝ።